በርበሬው ስኳር ሆኖ የተገኘበት ምሳ



በዛሬው ጽሑፋችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ ምሳ ነው። ምሳው አልጣመንም። «ምግብ አልጣመንም ብሎ በጋዜጣ መጻፍ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ምግቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ሁለት ቀን አማርረን በሦስተኛው በረሳነው ነበር። ብዕር ያነሣነው በዚያ ገበታ ዙሪያ ያደረግነውና ሳናደርገው የቀረነው ነገር እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረን ነው። በቅርቡ ወደ አገር የገባችሁ ቤተሰቦች እኛ የከፈልነውን ሳትከፍሉ ትምህርቱን ብቻ እንድትወስዱ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንነግራችኋለን።

በፖስታ ሣጥን የመጣ ወረቀት

ቤተሰባችን አምስት ነው፦ እኛ ባልና ሚስት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጃችን፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችን፣ ከእኛም ጋር የሚኖሩት እናታችን። ከሁለታችን አንዷ የኡልፓን ትምህርቷን በጨረሰች ሰሞን በፖስታ ሣጥናችን አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት መጣ። በከተማችን ኬንዮን ውስጥ አዲስ ምግብ ቤት መከፈቱን ያበስራል። ምግብ ቤቱ በዕብራይስጥ ሬሼት የሚባለው ዓይነት፣ ማለትም በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ነው። በወረቀቱ ላይ «የማሌዥያ ጣዕም» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ሦስት ቀይ ቃርያዎች ተሥለዋል። ከቃርያዎቹ አጠገብ ደግሞ 49 ሸቀል የሚል ዋጋ አለ።

እናታችን ሥዕሉን አይተው «ይህ አገር በርበሬ ያውቃል ማለት ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ወደዚያ የወሰደን የእሳቸው ቃል ነው። ወደዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ከቤት ውጭ የቀመሱት ምግብ ሁሉ «ጨውም በርበሬም የረሳው» እየሆነባቸው ነበር። ለኡልፓኑ ምርቃት፣ ለእናታችንም ደስታ ብለን እንሂድ አልን። ሁላችንም ከሥራና ከትምህርት ነፃ የምንሆነው ዓርብ ቀን በመሆኑ ዓርብን መረጥን። እናታችን የሰንበቱን ምግብ ሐሙስ ማታ አዘጋጅተው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆሙ።

የምግብ ዝርዝሩ በልጃችን እጅ

ምግብ ቤቱ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቤቱ ያምራል፤ አዲስ ቀለም ይሸታል፤ ሙዚቃው ግን ለመነጋገር አያስችልም። አንድ ወጣት አስተናጋጅ ጠረጴዛ አሳይቶን ሄደ። የምግቡን ዝርዝር ስንጠብቅ ልጃችን ሣቀችብን። ለካ ዝርዝሩ ወረቀት የለውም። በጠረጴዛው ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ እሱን በስልክ ካሜራ ሲያነሡት ዝርዝሩ በስልኩ ላይ ይወጣል።

እንዲህ ሆኖ የምግቡም የዋጋውም ነገር በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መዳፍ ውስጥ ገባ። እኛ ስልክ አጥተን አይደለም። እሷ ፈጥና ስለምታነብ ነገሩን ሁሉ ለእሷ ተውንላት። ይህ በብዙ የስደተኛ ቤተሰብ የሚደረግ ነው። በኩፓት ሖሊም፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ ሳይቀር ልጅ የወላጅ አፍ ይሆናል። ልጃችንም በትዕግሥት «ይህ ሩዝ ነው፣ ይህ ሾርባ ነው፣ ይህ ሥጋ ነው» እያለች ነገረችን። ስለ ዋጋው አልጠየቅናትም፤ 49 ሸቀሉን በወረቀቱ ላይ አይተነዋልና።

እናታችን ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ካሸር ነው ወይ? ሥጋውን ማን አረደው?» አሉ። ልጃችን አስተናጋጁን ጠየቀችው። እሱም እየሄደ «ሃኮል ካሸር» ብሎ በእጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ። እናታችን ግድግዳውን ቢያዩት የባሕር ዳርቻ ሥዕል ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቁም። «ለእኔ ሩዝ ይበቃኛል» ብለው ዝም አሉ። ማስረጃው የት እንዳለ ተነሥተን መፈለግ የእኛ ፋንታ ነበር፤ ሰው እንዳያየን ብለን አልተነሣንም።

ያዘዝነው ሦስት የማሌዥያ ምግብ ነው። አንደኛው ናሲ ለማክ የሚባል ሩዝ፣ ሁለተኛው ላክሳ የሚባል ኑድል ያለበት ሾርባ፣ ሦስተኛው ሬንዳንግ የሚባል የበሬ ሥጋ ነው። ለትንሹ ልጃችን ተራ የልጆች ኑድል አዘዝን። ውሃ ስንጠይቅ ሁለት ጠርሙስ ተከፍቶ መጣ።

ሃምሳ አምስት ደቂቃ

ምግቡ ለመድረስ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ወሩ የክረምት ወር ነበር፤ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። እናታችን በየጥቂቱ ወደ መስኮቱ ያዩ ነበር። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ብዙ ሰዓት እንዳለ ብንነግራቸውም ልባቸው አላረፈም። ከእኛ በኋላ የመጡ ሁለት ገበታዎች ቀድመውን ተስተናገዱ። ሁለታችን ተያየን፤ ሆኖም አንድም ቃል አልተናገርንም።

በመጨረሻ ምግቡ መጣ። ሾርባው ለብ ብሎ፣ ኑድሉ ፈሳሹን ጠጥቶ አብጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሥጋው በቀጭን መረቅ ውስጥ ይዋኛል፤ ሲያኝኩት አይሰበርም። ሩዙ ነጭና ደረቅ ነው። በሳህኑ ዳር የቀዘቀዘ የተቀቀለ እንቁላል፣ አራት ክብ ኪያር፣ ጥቂት ለውዝና አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ቀይ ነገር አለች። እናታችን ተስፋ ያደረጉት ያችን ቀይ ነገር ነበር። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሷት፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆቼ፣ ይህ በርበሬ እኮ ስኳር ነው» አሉ። እኛም ቀመስን፤ እውነታቸውን ነው፣ ማርማላታ ነበር የሚመስለው።

በዚያ ገበታ ደስ ያለው ትንሹ ልጃችን ብቻ ነው። ኑድሉን እስከ መጨረሻው ጠረገው።

አንዲት አጭር ቃል

አሁን የምንነግራችሁ ለመጻፍ የከበደንን ነው።

እናታችን ከውሃው ጠርሙስ ጥቂት በእጃቸው ላይ አፍስሰው በወረቀት አደረቁና ሩዙን በቀኝ እጃቸው ይበሉ ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን የበሉት እንዲያ ነው። ከእኛ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ የልጃችን የክፍል ጓደኞች ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ኖሯል፤ እኛ አላየናቸውም፣ እሷ ግን አይታቸዋለች። ድንገት ፊቷ ቀላና ወደ እናታችን ዘንበል ብላ «ዲ፣ ሳቭታ!» አለቻቸው።

እናታችን ዕብራይስጥ ብዙ አያውቁም። ዲ ማለት በቃ ማለት መሆኑን ግን ያውቁታል። የልጅ ልጃቸውን አዩዋት፤ እኛን አዩን። ከዚያም እጃቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «ተመስገን፣ ጠግቤአለሁ» አሉ። ሳህኑ ግን ገና አልተነካም ማለት ይቻላል።

እኛስ ምን አደረግን? ልጃችንን አልገሠጽናትም። እናታችንን «ይብሉ» አላልናቸውም። ከመካከላችን አንዱ ይዞት የነበረውን ሹካ ጥሎ በእጁ ቢበላ ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያው ባለቀ ነበር። ሹካችንን እንደያዝን ዝም አልን። ልጃችን የተናገረችውን እኛም በልባችን ሳናስበው አልቀረንም። ለዚህ ነው ጥፋቱን በልጅ ላይ ልንጥል ያልደፈርነው።

ሒሳቡ

አስተናጋጁ መጥቶ «ሃኮል በሴደር?» ሲል ጠየቀ። ሁሉ ደኅና ነው ወይ ማለቱ ነው። ሦስት ሳህን ሳይነካ በፊቱ ተቀምጦ ሳለ ሁለታችንም ባንድ አፍ «በሴደር፣ ቶዳ» አልነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ ሩዙ 68፣ ሾርባው 64፣ ሥጋው 79፣ የልጁ ኑድል 45፣ ሁለቱ ጠርሙስ ውሃ 28 ሸቀል ሆኖ በድምሩ 284 ሸቀል ነው። ወረቀቱን አውጥተን 49 ሸቀሉን አሳየን። አስተናጋጁ በትሕትና ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበበልን። ያ ዋጋ «ዒስኪት» የሚሉት የቀትር ምሳ ዋጋ ነው፤ የሚሠራውም ከእሑድ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። እኛ የመጣነው ዓርብ ነው። ከዚያ የመክፈያውን መሣሪያ አቀረበና ስለ ቲፕ «12 በመቶ ወይስ 15?» ሲል ጠየቀ። 12 በመቶውን መረጥን፤ 34 ሸቀል ተጨመረበት። 318 ሸቀል ከፍለን ወጣን።

በሩ አጠገብ፣ ከገንዘብ መቀበያው በላይ፣ በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለ ወረቀት አየን። የከተማው ራባኑት የሰጠው የካሽሩት ማስረጃ ነው። የምግብ ቤቱ ስም አለበት፤ «በሣሪ» ይላል፤ ዘመኑም አላለፈም። አስተናጋጁ በእጁ ያመለከተው ይህንን ነበር። እናታችን ሥጋውን ሳይቀምሱ የቀሩት አሥር እርምጃ ተራምደን ማየት ስላፈርን ነው።

ቅዳሜ ማታ የተነበበው

ሰንበት ከወጣ በኋላ ልጃችን ሳትጠየቅ ወደ እናታችን ክፍል ገባች። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ የሰማነው ለቅሶዋን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ወደ ሳሎን መጡ። ልጃችን ስለ ማሌዥያ ምግብ የፈለገችውን ይዛ ነበር፤ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልን። እኛም ከዚያ ወዲህ ጨምረን አነበብን። ያገኘነውን ባጭሩ እነሆ።

ማሌዥያ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኝ አገር ናት። አንደኛው ክፍሏ ከታይላንድ በስተደቡብ በሚወርድ ልሳነ ምድር፣ ሌላው በቦርኒዮ ደሴት ላይ ነው። ዛሬ ባላት ስም የተመሠረተችው በ1963 ነው። ከእስራኤል ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የላትም፤ በማሌዥያ ፓስፖርት ላይ ከእስራኤል በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል የሚል ቃል ተጽፏል። ስለዚህ በኬንዮናችን የተከፈተው ቤት ከማሌዥያ የመጣ ሊሆን አይችልም። እዚሁ የተቋቋመ፣ ስሙንና ሥዕሉን ብቻ የተዋሰ ነው።

በአገሩ ናሲ ለማክ የሚባለው ሩዝ የሚበስለው በውሃ ብቻ አይደለም፤ በኮኮናት ወተትና ፓንዳን በሚባል መዓዛ ባለው ቅጠል ነው። ናሲ ሩዝ ማለት ነው፤ ለማክ ማለት ደግሞ ስቡ፣ ቅባቱ እንደ ማለት ነው። በልማድ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሸጣል። እናታችን ይህን ሲሰሙ «እኛስ ድፎ ዳቦውን በኮባ እንጋግር የለም እንዴ?» አሉ። ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ቀይ ነገር ሳምባል ይባላል፤ የተፈጨ ቃርያ ሲሆን ማቃጠል የሚገባው እንጂ ማርማላታ አይደለም። ሬንዳንግ የሚባለው ሥጋ ደግሞ በኮኮናት ወተትና በቅመም ለረጅም ሰዓት ይበስላል፤ ፈሳሹ ተንኖ አልቆ ቅመሙ ሥጋው ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ከእሳት አይወርድም። ከቅመሞቹ መካከል ዝንጅብል፣ እርድና ጠጅ ሣር ይገኛሉ፤ ሦስቱንም እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። እኛ የቀረበልን በመረቅ የሚዋኝ ሥጋ ጊዜ ያልተሰጠው ነው።

በሳምባሉና በሾርባው ውስጥ በአገሩ የሚገባ አንድ ነገር ግን ለእኛ አይሆንም። እሱም በላቻን የሚባለው ከባሕር ሽሪምፕ የሚሠራ የተብላላ ቅመም ነው። ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 መሠረት ክልክል ነው። ካሸር ምግብ ቤት እሱን ማስቀረቱ ግዴታው ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ቅመም ያስቀረ ሰው ጣዕሙን በሌላ ይተካዋል እንጂ ስኳር አይሞላበትም። ከዚህ በተረፈ የማሌዥያ ምግብ ለካሸር ማድ ቤት የሚመች ነው፤ የኮኮናት ወተት ከዛፍ ፍሬ ስለሚወጣ ፓርቬ ነው፣ ከሥጋ ጋር ቢበስል የሥጋና የወተት ጉዳይ አይነሣም።

ሌላም ያስገረመን ነገር አለ። የዚያ አገር ማዕድ በአብዛኛው የስደተኞች ማዕድ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ቻይናውያንና ሕንዶች በቆርቆሮ ማዕድንና በጎማ ዛፍ እርሻ ለመሥራት ወደዚያ ገቡ፤ ማሌዎቹ በአገሩ ነበሩ። ላክሳ የሚባለው ሾርባ የቻይና ኑድል ከማሌዎች ቅመም ጋር የተጋባበት ነው። የቡና ቤቱ ስም እንኳ ኮፒትያም ነው፤ ኮፒ በማሌ ቋንቋ ቡና፣ ትያም በደቡብ ቻይናውያን ቋንቋ ሱቅ ማለት ነው። ሁሉም የእናቱን ድስት ይዞ መጣ እንጂ ጥሎ አልመጣም።

በመጨረሻ ልጃችን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያነበበችው ይህን ነው። በማሌዥያ ብዙ ሰዎች ሩዝ የሚበሉት በቀኝ እጃቸው ነው። በድግስ ላይ እንግዶች እጃቸውን የሚታጠቡበት ማንቆርቆሪያና ሳህን ይቀርባል። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ምግብ እንደ አገሩ ወግ እጃቸውን ታጥበው የበሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም እናታችን ናቸው። እናታችን ይህን ሰምተው ብዙ አልተናገሩም። «ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው» ብቻ አሉ።

ከዚህ ምን እንማር?

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምተን አድገናል። ገንዘብ ከፍለን በተቀመጥንበት ገበታ ግን ዝምታ ይነቅዛል። አገራችን ሳለን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም ተረት ነበረን፤ ለዚህ አገር የሚበጀው ይኸኛው ነው። ከደረሰብን ተነሥተን የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት የካሽሩቱን ማስረጃ ተመልከቱ። በዕብራይስጥ ተዑዳት ካሽሩት ይባላል። የቤቱ ስም፣ ሥጋ ወይም ወተት መሆኑ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ተጽፎበታል። በ1983 የወጣው የካሽሩት ማጭበርበር መከላከያ ሕግ ማስረጃ ሳይኖረው ቤቱን ካሸር ብሎ በጽሑፍ የሚያቀርብን ምግብ ቤት ይከለክላል። ስለዚህ «ኤፎ ሃተዑዳ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ማስረጃው የት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የማስታወቂያውን ትንንሽ ፊደል አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ከማዘዛችሁ በፊት «ካማ ዜ ዖሌ?» በሉ። ስንት ያወጣል ማለት ነው። ዒስኪት በአብዛኛው ከእሑድ እስከ ሐሙስ በቀትር ብቻ እንደሚሰጥ አትርሱ። በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ማዓም የሚባለውን ግብር የጨመረ መሆን አለበት፤ ይህ ግብር ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ 18 በመቶ ነው። በሒሳቡ መጨረሻ በላዩ ላይ ሊጨመርባችሁ አይገባም። የምግቡ ዝርዝር በስልክ ብቻ ከሆነ «ታፍሪት በኒያር» ብላችሁ የወረቀቱን ጠይቁ፤ ብዙ ቤቶች አላቸው።

ሦስተኛ፣ ምግቡ ቀዝቅዞ ወይም ያላዘዛችሁት ሆኖ ከመጣ ሳትነኩት ተናገሩ። «ዜ ካር» ማለት ቀዝቅዟል ነው፤ «ዜ ሎ ማ ሼሂዝማኑ» ማለት ያዘዝነው ይህ አይደለም ነው። በርበሬ ያለው መሆኑን ለማወቅ «ዜ ኻሪፍ?» ይባላል። «ሁሉ ደኅና ነው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ እውነቱን መልሱ። እኛ «በሴደር» ብለን ስለ መለስን ወጣቱ አስተናጋጅ ያላወቀውን ጥፋት ሊያርመው አልቻለም። በእሱም ላይ ሙሉውን ቅሬታ መጫን ፍትሕ አይሆንም።

አራተኛ፣ ቲፕ ልማድ ነው። ለአስተናጋጅ ከ10 እስከ 15 በመቶ መስጠት የተለመደ ቢሆንም በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ እንድትመርጡ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ሳትቸኩሉ ሒሳቡን ቁጠሩ፤ ደረሰኙንም ያዙ።

አምስተኛ፣ መጥፎ ምሳና መድልዎ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛን ያስተናገደን ሰው ዘገየ እንጂ አልናቀንም። አንድ ቤት በዘር ወይም በመጣችሁበት አገር ምክንያት አላስተናግድም ቢላችሁ ግን ይህ በ2000 በወጣው ሕግ የተከለከለ ነው። እንዲሁም በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሻጭ ገዢን እንዳያሳስት ይከለክላል፤ ለዚህ አቤቱታ የሚቀበል የሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ።

ስድስተኛው ከሁሉ ይበልጥብናል። ልጆቻችን ቋንቋውን ቀድመውን ማወቃቸው በረከት ነው፤ አስተርጓሚ ማድረጋችንም አይቀርም። ነገር ግን ቃሉን እንዲያሻግሩልን እንጂ የወላጅነቱን ሥራ እንዲሠሩልን አንተዋቸው። ዋጋውን መጠየቅ፣ ምግቡን መመለስ፣ የሽማግሌውን ክብር መጠበቅ የአዋቂ ሥራ ነው። ዕብራይስጣችን የተሰበረ ቢሆንም በተሰበረው እንናገር። ልጅ ወላጁ በሰው ፊት ቀና ብሎ ሲናገር ካየ፣ አያቱ በእጃቸው ሲበሉ አያፍርም። ያፈረችው ልጃችን ሳትሆን በመጀመሪያ ያፈርነው እኛ ነን፤ እሷ የእኛን ዓይን አይታ ነው የተማረችው።

ሌላኛው ዓርብ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃችንና እናታችን አብረው ወደ ገበያ ወጡ። የካሸር ምልክት ያለበት አንድ ጣሳ የኮኮናት ወተት ገዝተው ተመለሱ፤ ዋጋው የዚያን ቤት አንድ ጠርሙስ ውሃ አያህልም። ሩዙን ልጃችን ቀቀለች፤ ሳምባሉን እናታችን ከራሳቸው በርበሬ፣ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ሠሩት። ማሌዥያዊ ሰው ቢቀምሰው «ይህ የእኛ አይደለም» ሊል ይችላል። ማቃጠሉን ግን አይክድም።

በገበታው መካከል አንድ ትሪ ተቀመጠ። እናታችን እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀጥላ ልጃችን ታጠበች። ማንኪያ ማንም አላቀረበም። ትንሹ ልጃችን ብቻ «የዚያኛው ኑድል ይሻላል» ብሎ አኮረፈ፤ እሱንም እናታችን አጎረሱትና ዝም አለ።

በቴአቮን፤ መልካም ምግብ ይሁንላችሁ።